ሰላምታው እስኪያልቅ

ኮምቦልቻ ላይ፣ ድሮ ደረቅ ወደብ በነበረው ሜዳ ጫፍ፣ መስኮት የሌለው አንድ ሕንፃ አለ። ቁመቱ ለክፉ አይሰጥም። እንድሪስ ይማም ግን ለባዳ ሰው ሲያወራ፣ ደመና ጣሪያውን እየታከከ ስለሚያልፍ ኮርኒሱ በክረምት ይረጥባል ይላል። ኮርኒሱ መርጠቡ እውነት ነው፤ የሚያረጥበው ግን የማቀዝቀዣው ቱቦ ነው።

ሕንፃው የ«ስሙር አገልግሎት» ነው። መንግሥት ሞትን ለዘመድ የማሳወቁን ሥራ በጨረታ ካወጣው ወዲህ፣ የግማሽ አገር ለቅሶ የሚጀመረው ከዚህ ቤት ነው። ሆስፒታሉ ያውቃል፣ ማሽኑ ያውቃል፣ የቀብር አስፈጻሚው ሳይቀር ያውቃል። ሕጉ አንዲት ነገር ብቻ አስቀርቷል፦ ነገሩን ለቤተሰብ የሚናገረው የሰው ድምፅ መሆን አለበት። እናም ማሽኑ ሁሉን ሠርቶ ሲጨርስ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር የሚል ሰው ይቀጠራል። መደቡ «ጀማሪ አሳዋቂ» ይባላል። ዋና አሳዋቂ የሆነ ሰው ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም፤ ጀማሪ ሆነህ ገብተህ ጀማሪ ሆነህ ትወጣለህ።

ጠዋት በር ላይ ስልክህን ለሳጥኑ ትሰጣለህ። ቀጥሎ ማር ማር የሚል ለብ ያለ ነገር በትንሽ ብርጭቆ ትጠጣለህ፤ ድምፅ ያለሰልሳል። ከዚያ አንገትህ ላይ ቀጭን ማሰሪያ ታጠልቃለህ። ማሰሪያዋ የጉሮሮ መንቀጥቀጥ ትለካለች። ድምፅህ ትንሽ ሲሻክር ከራስህ በላይ ያለው መብራት ቢጫ ይሆናል። እንባ ከመጣ ቀይ ይበራል፣ መስመርህ ይዘጋል፣ ተነሥተህ ወደ ማድረቂያ ክፍል ትሄዳለህ። እዚያ ሞቅ ያለ ነፋስ ዐይንህ እስኪደርቅ ድረስ ፊትህ ላይ ይነፍሳል። ደርቀህ ትመለሳለህ። ቀይ የበዛበት ሰው ውሉ አይታደስለትም።

የምትለው ነገር አጭር ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ትላለህ። የሟቹን ስም፣ ሥራውን፣ የሞተበትን ቦታና ምክንያት ትናገራለህ። «ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ትላለህ። ከዚያ «መልእክቱ ደርሶዎታል?» ብለህ ትጠብቃለህ። ያኛው ወገን «ደርሶኛል» ካላለ ጥሪው አይዘጋም። ጮኾ ስልኩን የወረወረም ቢሆን መልሰህ ትደውላለህ። «አይዞዎት» ማለት ቢጫ ያስበራል። «አብሽር» ማለትም ያው ነው። «ትንሽ አሟቸው ነውና ይምጡ» ማለት ግን ያለ አንዲት ጠብታ እንባ ቀይ ያስበራል፤ ውሸት ነውና።

መርዶ የሚለው ቃል እዚያ ቤት ውስጥ አይነሣም።

እንድሪስ ወደዚህ የመጣው ከመኪና ላይ ወርዶ ነው። የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሾፌር ነበር፤ መኪኖቹ ያለ ሾፌር መሄድ እስኪለምዱ ድረስ። እሱን ብትሰማው፣ ሚሌ ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ ግመሎች በቁመታቸው ተሰልፈው ያሳልፉት ነበር። ጋላፊ ኬላ ላይ ፈታሾቹ መኪናውን ሳይሆን ፎቶ አብረው ለመነሣት ነው የሚያስቆሙት። አንዴማ ፍሬን ተበጥሶበት ከሐርቡ ቁልቁለት በጫማው አቁሞታል። ጫማው አሁንም ቤቱ አለ፤ ያየው ሰው ግን የለም።

እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቃል መጨመር የማይፈቀድበት ሥራ ላይ ምን ይሠራል? ሁሉም በሳምንቱ ይባረራል ብለው ነበር። በሳምንቱ እንድሪስ ቀዳዳ አገኘ።

ማሽኑ ሰላምታ አይቆጥርም። ደንቡን የጻፉት ሰዎች «ሰላምታ እንደ አካባቢው ልማድ» ብለው አንዲት መስመር አስገብተው ነበር። ወሎን ግን አያውቁትም። እንድሪስ በዚያች መስመር ውስጥ ተሳቢውን ከነጭነቱ ነድቶ ገባ።

«እንዴት ዋላችሁ? ደህና ናችሁ? ቀዬው ደህና ነው? ከብቱ፣ አዝመራው? ልጆች ደህና ናቸው? ጎረቤትስ? ማን ይባላሉ ጎረቤትዎ? ይጥሯቸው እስቲ፣ እሳቸውንም ሰላም ልበል። ተቀምጠዋል ግን? ቆመው እንዳይሆን። ሕፃኑን ሰው ይያዝልዎ።»

ድሮ መርዶ ብቻውን አይሄድም ነበር። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት በጓሮ ይጠራል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሰው ደጋፊ ሰው አጠገቡ ሳይኖር አይነገረውም። እንድሪስ ያንን ሁሉ ሰላምታ ውስጥ ደበቀው። እሱ ሰላምታውን ሲጨርስ ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ያችን ዐረፍተ ነገር ሲናገር ደግሞ የሚሰማው ሰው ነገሩን አውቆ፣ ክንዱን ሰው ይዞለት ነው። የማያውቁት ሰው እንዲህ አጥብቆ ሰላም ሲላችሁ ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገረውም። አንድ የወረኢሉ ሽማግሌ ሰላም ብሎት ብሎት በመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩለት ነበር ይላል፤ ይህችኛዋ እንኳ ሳትጨመርባት አትቀርም።

አዳራሹ በሙሉ ከሱ ተማረ። የፈረቃው ኃላፊ ይርጋ፣ ከላይ በመስታወት ክፍሉ ተቀምጦ ሁሉን የሚሰማ ወጣት፣ ያልሰማ መሰለ። አባቱን ባለፈው ክረምት ነው የቀበረው። ለሱ ሲደወልለት ሰላምታ አልነበረም፤ ሌላ አዳራሽ ነው የደወለለት።

የእንድሪስ ትልቁ ወሬ ግን ስለ ልጁ ስለ ሉባባ ነው። እናቷ አራስ ቤት ነው የሞተችው። ገና መዳህ ያልጀመረችውን ልጅ ጋቢና ውስጥ አሳደጋት፤ ከወንበሩ ኋላ ባለችው አልጋ ላይ ተኝታ፣ የሞተር ድምፅ እሽሩሩ ሆኖላት። ዛሬ አፋር በረሃ ያለው፣ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የፀሐይ ሜዳ ዋና ኢንጂነር ናት።

«ፀሐይ እዚያ አገር ዝም ብላ አትወጣም» ይላል ምሳ ሰዓት ላይ። «ሉባባን አስፈቅዳ ነው። ልጄ ገና ፊቷን እየታጠበች ከሆነ ትጠብቃለች።»

«ታዲያ ደመና ሲሆን?» ትላለች ማንአልብሽ፣ ከግራው የምትቀመጠው ጎልማሳ። ምላሷ ባለ ሁለት ስለት ነው።

«ያን ቀን ሉባባ የዓመት እረፍት ወጥታለች።»

እውነቱን ማንአልብሽም ታውቀዋለች፣ ይርጋም ያውቀዋል፣ የበር ጠባቂውም ያውቀዋል። ሉባባ የፀሐይ ሰሌዳ ጠራጊ ናት። የማሽን ብሩሽ መስታወቱን ስለሚጭረው፣ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ የሚያነሣ የሰው እጅ ይፈልጋሉ። እሷም የኮንትራት ነች። ለአረፋ ስትመጣ መዳፏ እንደ በጋ ማሳ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ማንአልብሽን ጓዳ ወስዳ፣ «እቴቴ፣ ኢንጂነር ሲለኝ ዝም በይልኝ፤ አብዬን ደስ ይለዋል» ብላታለች። አዳራሹ ሁሉ ዝም አለለት። እንድሪስ ዝም ያሉለት መሆኑን አያውቅም፤ አምነውኛል ብሎ ነው የሚኖረው።

ባለፈው ምሽት ሉባባ ደውላ ነበር።

«አብዬ፣ አሁንስ አንደኛህን ሚኒስትር አድርገኝና ይውጣልህ። አንዱ ልጅ እዚህ ድረስ መጥቶ ‹ዋና ኢንጂነሯ የት አለች› ይለኛል! ከኮምቦልቻ ነኝ አለ።»

«ምን አልሽው?»

«ስብሰባ ላይ ነች አልኩት፣ ምን ልበለው!» ሳቋ በንፋሱ ውስጥ ተቆራረጠ። «ሙቀቱ ዘንድሮ ሌላ ነው አብዬ። የጫማዬ ሶል ቀልጦ መሬቱ ላይ ቀረ። የውሃው መኪናም ይዘገያል።»

«ለአለቃሽ ንገሪው! ‹የእንድሪስ ልጅ ነኝ› በይው። እኔን የማያውቅ ሰው በረሃ ላይ አይሾምም።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለች። እሷ እሺ ስትል እንደማትናገር ያውቃል። ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ደወለላት፤ አላነሣችም። ንፋስ ይሆናል አለና ስልኩን ለሳጥኑ ሰጠ።

ከምሳ በኋላ ነው። እንድሪስ አንድ የሐይቅ ሰውዬ ሰላም ብሎ፣ ጎረቤቱን ሰላም ብሎ፣ የጎረቤቱን ሚስት ሰላም ብሎ፣ ያችን ዐረፍተ ነገር ተናግሮ «ደርሶኛል» ተብሎ ጨርሷል። ቀጣዩ ጥሪ አልመጣም። ያ አዳራሽ ጥሪ ሲቋረጥበት ታይቶ አይታወቅም፤ በዓመት በዓል እንኳ ሞት ፋታ ሰጥቶት አያውቅም። ማዳመጫውን መታ መታ አደረገው። ዝም።

በግራው ማንአልብሽ «ጤና ይስጥልኝ» ልትል አፏን እንደ ከፈተች ቀርታለች። መብራቷ ቢጫም አልሆነ፣ ቀይም አልሆነ፣ ጠፋ። ማዳመጫዋን አወለቀች።

«እታለም፣ ምነው?» አላት በመከለያው ላይ ተንጠራርቶ። «ማሽኑ ሞተ እንዴ? ማን ሊያሳውቅለት ነው ታዲያ?»

ሌላ ቀን ቢሆን በአንድ ቃል አፈር ድሜ ታስግጠው ነበር። አሁን ስክሪኗ ላይ የወጣውን መልእክት እስከ መጨረሻው አነበበች፣ ከዚያ ወደሱ ዞረች።

«እንድሬ» አለች። «እንዴት ዋልክ?»

«አብረን አይደል እንዴ የዋልን!» ሳቀ።

«ደህና ነህ ግን? ወገብህን እንዴት አደረገህ?»

«ወገቤማ ድልድይ ይሸከማል።»

«ጎረቤትህ ጋሽ ይመር ደህና ናቸው? ዛሬ ቤት አሉ?»

የእንድሪስ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ፤ እንደ ተረሳ ዕቃ።

መንገዱን ያውቀዋል። እያንዳንዱን ኩርባ ያውቀዋል፤ ራሱ ነው የቀየሰው። ወገብ ይጠየቃል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ ቀጥሎ ተቀምጠሃል ወይ ይባላል።

«ወንበሩ ይመችሃል?» አለች ማንአልብሽ።

እንድሪስ ይማም በዕድሜው ሙሉ እንደዚያች ቅጽበት በፍጥነት አውርቶ አያውቅም። ከሐርቡ ቁልቁለት ጀመረ። ፍሬኑን በጠሰ፣ ጫማውን አወጣ፣ መኪናውን አቆመ። ግመሎቹን አሰለፈ። ሉባባ ጋቢና ውስጥ ሆና በሕፃንነቷ የጅቡቲን ወደብ ሹም እንዴት እንደ ተቆጣችው አወራ። ዘንድሮ ልትሾም እንደሆነ፣ ትልቁ ሰው ራሱ ደውሎ እንደ ለመናት፣ እሷ ግን «አባቴን ላማክር» እንዳለች አወራ። በቃልና በቃል መካከል ክፍተት እንዳይኖር ነው። ያቺ ዐረፍተ ነገር አጭር ናት፤ ትንሽ ቀዳዳ ከበቂ በላይ ይሆናታል።

በዙሪያው መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ። ሰው መስመሩን እየዘጋ ይነሣ ጀመር። ከላይ ከመስታወት ክፍሉ ይርጋ ወረደ፤ ኮቱን አውልቋል፣ በእጁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዟል።

ውሃውን ሲያይ እንድሪስ ወሬው ተደነቃቀፈ። ደግሞ ቀጠለ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ወጣ ብለን ትንሽ አየር እንውሰድ» አለ ይርጋ።

«አለቃ! አንተ ደግሞ አየር የሚባል ነገር መኖሩን ማን ነገረህ?»

ማንም አልሳቀም። ይርጋም ኮስተር አላለም። ያ ልጅ በአንድ «አብሽር» ቢጫ የሚመዘግብ ልጅ ነው፤ አሁን የእንድሪስን አንገት ማሰሪያ በገዛ እጁ ፈታለት። እንድሪስ ነገሩን ያውቃል፦ መልእክት በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተነገረ ወደ ሌላ ከተማ አዳራሽ ይሻገራል፤ የማያውቁት ሰው በለሰለሰ ድምፅ ይደውላል። መልእክት ያዘገየ የፈረቃ ኃላፊ ደግሞ በማግሥቱ ወንበሩ ላይ አይገኝም። ይርጋ ሰዓቱን አላየም።

ከሕንፃው ኋላ ጄኔሬተሩ ያለበት ግቢ ወጡ። ፀሐዩ ኮንክሪቱን አግሎታል። አንድ ሰው ወንበር አመጣ። ሌላው ጥላው ወዳለበት አዞረው። የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እጁን አጣምሮ፣ መሬት መሬት እያየ። እንድሪስ እንዲህ ሆነው የቆሙ ሰዎችን አይቶ አያውቅም፤ በስልክ ግን ስንት ጊዜ አቁሟቸዋል።

«እናላችሁ» አለ፣ ቁጭ ብሎ፣ «ሉባባ ምን አለችው መሰላችሁ ሹሙን…»

«እንድሬ» አለች ማንአልብሽ። ፊት ለፊቱ በርከክ ብላ ሁለት እጁን ያዘች። ለሥራዋ እንጂ ለሌላ ነገር ይህን ድምፅ አውጥታ አታውቅም። ከዚያ ግን፣ ስክሪኗ ላይ ያነበበችው ቃል አፏ ላይ ሲደርስ፣ ልቧ አልቻለም። ይህን ሰው ከልጁ ጋር ክብሩንም ልትቀማው አልፈለገችም። ደንቡን፣ ውሉን፣ ሁሉን ትታ የሱን ቃል አነሣች።

«ዋና ኢንጂነር ሉባባ እንድሪስ» አለች፣ «ፀሐይ ሜዳው ላይ፣ በሥራ ላይ እያሉ፣ በሙቀት ምክንያት፣ ከዚህ ዓለም…»

«ምን አልሽ?»

እንድሪስ ከወንበሩ ተነሥቷል። ፊቱ በርቷል። እንደዚያ በርቶ ያየው ሰው የለም።

«ዋና ኢንጂነር ነው ያልሽው?»

«እንድሬ…»

«ዋና ኢንጂነር ነው ያለችው! ሰማችሁ? ሁላችሁም ሰምታችኋል!» ሰዎቹን እየዞረ አያቸው። «እንግዲያው የኔ አይደለችም! ሌላ ሉባባ ናት! ስንት ሉባባ አለ አገሩ ላይ፣ ስንት እንድሪስ አለ! የኔዋ ጠራጊ ናት! ወላሂ ጠራጊ ናት፣ በቁርአን እምላለሁ! ዋሽቻችሁ ነው። ኢንጂነር የሚባል ነገር አታውቅም፣ ጨርቅ ይዛ ነው የምትውለው፣ እጇን አይታችሁት የለ? መዳፏ ተሰነጣጥቋል። ማንአልብሽ፣ አይተሻል፣ ንገሪያቸው! ሹምም አልተቆጣችም፣ ማንም ደውሎ አልለመናትም። ሐርቡ ላይም ፍሬን አልተበጠሰብኝም። ግመል ተሰልፎ አያውቅም። ሁሉንም ውሰዱት! የኔ ልጅ ትንሽ ልጅ ናት፣ አቧራ ጠራጊ ናት፣ ማንም የማያውቃት። እሷን የሚያክል ሰው እንዴት…»

ድምፁ አለቀ። ከሰው ሰው ዐይኑን አዞረ። ሁሉም መሬት ያያሉ። ማንአልብሽ አፏን በነጠላዋ ይዛለች፤ ለክብሩ ብላ የጨመረችለት ነገር ምን እንዳደረገው አሁን ገብቷታል፤ ልጁን ለአንዲት ቅጽበት መልሳ ሰጥታው ነበር።

ይርጋ ውሃውን ዘረጋለት። እንድሪስ አልተቀበለውም። ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንደ ተጻፈው በይው» አላት። «ሳትጨምሪ።»

«እንድሬ፣ ተወው በአላህ።»

«ሳትጨምሪ። እንደ ተጻፈው።»

ማንአልብሽ እንባዋን ጠረገች። አንገቷ ላይ ማሰሪያ የለም፤ ቢጫም ቀይም የሚያበራ ነገር ግቢው ውስጥ የለም። ያም ሆኖ በሥራ ድምፅዋ፣ ሳይሻክር፣ ሳይቆረጥ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚነገረው አድርጋ ተናገረችው። ለሱ የምትሰጠው ሌላ ነገር አልቀራትም።

«ጤና ይስጥልኝ። ሉባባ እንድሪስ፣ የሰሌዳ ጠራጊ፣ በፀሐይ ሜዳው ላይ፣ በሙቀት ምክንያት፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።»

ጄኔሬተሩ ይጮሃል። እሷ ያቺን ጥያቄ መጠየቅ ነበረባት፤ ልማድ ሆኖባት ከአፏ ወጣች።

«መልእክቱ ደርሶዎታል?»

እንድሪስ እጆቹን አየ። ቀና አለ። ፊት ለፊቱ የቆመውን ይርጋን አየው፣ ገና ዛሬ የተዋወቁ ይመስል።

«አለቃ» አለ። «እንዴት ዋልክ?»

ይርጋ ጠጋ አለ። «ደህና፣ ጋሼ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደህና ነህ? እናትህ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«አባትህስ? ደህና ናቸው?»

ይርጋ፣ ለአንዲት ውሸት ሰው ላይ ቀይ የሚያስበራው ይርጋ፣ ውሃውን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ።

«ደህና ናቸው፣ ጋሼ» አለ። «ሰላም ብለውዎታል።»

«ማንአልብሽ፣ አንቺስ እንዴት ዋልሽ? ልጆች ደህና ናቸው?»

«አሉልህ፣ እንድሬ። ደህና ናቸው።»

ቀጥሎ ያለውን ጠየቀ። ቀጥሎ ያለችውን ጠየቀ። ማንም አላቋረጠውም። አንዱ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ ሌላዋ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ እሱ ደግሞ ልጆቹን፣ እናቲቱን፣ ቀዬውን፣ አዝመራውን ይጠይቃል፣ በዝግታ፣ ሰው ሁሉ አጠገቡ እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ ሰው እንደሚጠይቅ። ውስጥ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ የጥሪ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። የሚገባ አልነበረም። የእንድሪስ ሰላምታ ገና ጎረቤቶቹ ጋ አልደረሰም።